ኦቲዝም ላለው ልጅ የሚሸጡ የታሪክ መጻሕፍት፦ የትኛው ይጠቅማል፣ የትኛው መታረም አለበት

ሽፋኑ ላይ «ኦቲዝም» የሚል ቃል የተጻፈበት የልጆች መጽሐፍ ሁሉ ኦቲዝም ላለው ልጅ የተጻፈ አይደለም። ገዢ አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙት መጻሕፍት ለሦስት የተለያዩ አንባቢዎች የተዘጋጁ ናቸው። አንደኛው ለልጁ ለራሱ ነው፤ ፀጉር ሲቆረጥ፣ ጥርስ ሲታከም፣ ክፍል ሲቀይር ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል። ሁለተኛው ለእህት ለወንድሙና ለክፍል ጓደኞቹ ነው። ሦስተኛው ወላጅ ለወላጅ የጻፈው ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መስጠት ገንዘብ ከማባከን አልፎ ልጁን ይጎዳል። «ጓደኛችን ለምን ይጮኻል?» የሚለውን መጽሐፍ ለራሱ ለሚጮኸው ልጅ ማንበብ፣ በሌለበት የታማውን ሐሜት ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እንደማሰማት ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን ገልጦ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሥዕሉ ያምራል ወይ?» ሳይሆን «በማን ዓይን ነው የሚያየው?» የሚለው ነው። ሁለት ገጽ ማንበብ ይበቃል። ኦቲዝም ያለው ልጅ ምን እንደሰማ፣ ምን እንደሸተተው፣ ምን እንደፈለገ ከተጻፈ ለእሱ ሊሆን ይችላል። ምን እንዳደረገና በዚያ የተነሣ ሌሎች ምን እንደተሰማቸው ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ መጽሐፉ ስለ እሱ እንጂ ለእሱ አይደለም።

እዚህ በሰፊው የምናየው የመጀመሪያውን ዓይነት፣ «ማኅበራዊ ታሪክ» እየተባለ በስብስብ የሚሸጠውን ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረችው ካሮል ግሬይ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት ናት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጁ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው አልታዘዝም ብሎ ሳይሆን፣ ሌላው ሰው ሳይነገረው የሚይዘውን መረጃ እሱ ስላላገኘው ነው። እንግዲያው መረጃውን በአጭር ጽሑፍና በሥዕል፣ በረጋ አንደበት፣ አስቀድሞ መስጠት ነው። መስፈርቶቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢሻሻሉም ዋናው አልተለወጠም። ሁኔታውን የሚገልጹት ዓረፍተ ነገሮች፣ ልጁ ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ከሚጠቁሙት ቢያንስ በእጥፍ መብለጥ አለባቸው። ታሪኩ የሚጻፈው በ«እኔ» ወይም በስሙ እንጂ «አንተ እንዲህ አድርግ» በሚል አይደለም። ለልጁ ከሚዘጋጁት ታሪኮች መካከል ደግሞ ቢያንስ ግማሹ፣ አሁን ደህና አድርጎ የሚሠራውን ነገር የሚያደንቁ መሆን አለባቸው።

በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ብዙዎቹ ዝግጁ ስብስቦች ይወድቃሉ። ሥዕላቸው ያምራል፣ ወረቀታቸው ጠንካራ ነው፤ ጽሑፋቸው ግን የታዛዥነት ትምህርት ሆኖ ይገኛል። የርዕሶቹን ዝርዝር ማየት ብቻ ይበቃል፦ አልማታም፣ አልጮህም፣ አልሮጥም፣ ተራዬን እጠብቃለሁ። ልጁ መጽሐፉን ባየ ቁጥር የሚያስታውሰው ጥፋቱን ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መጽሐፉ ገና ሲወጣ ይወረውረዋል ወይም ይቀደዋል። ከመግዛት በፊት «ብሎኮቼን በቀለም መደርደር እወዳለሁ» ወይም «ጫማዬን ራሴ አደርጋለሁ» የሚል ገጽ ይኖረው እንደሆነ መፈለግ ያስፈልጋል። አንድ እንኳ ከሌለ ባይገዛ ይሻላል።

አንድ ገጽ ቀርበን እንይ። የፀጉር መቆረጥ ታሪክ የሌለው ስብስብ ጥቂት ነው፤ ጽሑፉም ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም፦

«ፀጉሬን ስቆረጥ ጎበዝ ልጅ እሆናለሁ። ወንበሩ ላይ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። አላለቅስም። ቶንዶሱ አያምም። 5 ደቂቃ ብቻ ነው። እማዬ በጣም ትደሰታለች።»

ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትእዛዝ ናቸው፤ «እኔ» ስለተባለ ትእዛዝነታቸው አልቀረም። «አያምም» የሚለው ለብዙ ልጆች ሐሰት ነው። ንክኪ አብዝቶ የሚሰማው ልጅ የቶንዶሱን ንዝረት እንደ ሕመም ሊሰማው ይችላል፤ ድምፁም የሚያጓራው ጆሮው ሥር ነው። መጽሐፉ «አያምም» ብሎት ወንበሩ ላይ ካመመው፣ ልጁ የሚይዘው ትምህርት መጽሐፉ ይዋሻል የሚለውን ነው። ከዚያ ወዲያ የጥርስ ሐኪሙንም የመርፌውንም ገጽ አያምንም። «5 ደቂቃ» ሌላ ወጥመድ ነው። ሰዓት የሚያውቅ ልጅ ይቆጥራል፤ በስድስተኛው ደቂቃ ቆራጩ ገና ጆሮው ጋ ከሆነ፣ ጩኸቱ የሚመጣው ከፀጉሩ ሳይሆን ከታጠፈው ቃል ነው። «እማዬ ትደሰታለች» ደግሞ ወንበሩን የእናት ፍቅር መፈተኛ ያደርገዋል። ያለቀሰ ቀንስ?

ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

«አንዳንድ ጊዜ ፀጉሬን እቆረጣለሁ። ፀጉር በየጊዜው ያድጋል፤ ሲረዝም ሰዎች ይቆረጡታል። ቆራጩ አንገቴ ላይ ጨርቅ ያስራል። ቶንዶስ የሚባል መሣሪያ አለ። ዝዝዝ ይላል። አንገቴን ሲነካኝ ሊኮረኩረኝ ወይም ሊያስጠላኝ ይችላል። የተቆረጠው ፀጉር አንገቴ ላይ ሊወድቅና ሊያሳክከኝ ይችላል። ማረፍ ስፈልግ ቀዩን ካርድ ለማሳየት እሞክራለሁ። እማዬ ካርዱን ስታይ ቆራጩ እንዲያቆም ትነግረዋለች። ካረፍኩ በኋላ እንቀጥላለን። ሲያልቅ ጨርቁ ይነሣል። ከዚያ ወደ ቤት እንሄዳለን።»

እዚህ ውስጥ ከልጁ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «እሞክራለሁ» ተብሎ ነው የገባው። ካርዱን ማውጣት ያቃተው ቀን ጥፋተኛ አይሆንም። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ትልቁ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያስታውቃል፤ ዝግጁ ስብስቦቹ አብዝተው የሚዘነጉት ይህን ነው። «ሊያስጠላኝ ይችላል» የሚለው አካሄድ ቢያስጠላውም ባያስጠላውም እውነት ሆኖ ይቆያል። ማሳከኩን ለመግለጽ በየቀኑ የምንለው «ይበላኛል» እዚህ አይገባም። ቃልን በቁሙ ለሚወስድ ልጅ አንገት የሚበላ ፀጉር ሌላ ፍርሃት ነው።

ቀዩ ካርድ ያለ ልምምድ ወረቀት ነው። መዳፍ የሚሞላ፣ ባለ አንድ ቀለም፣ ምንም ሥዕል የሌለበት ቢሆን ይሻላል፤ በጭንቀት ሰዓት ዝርዝር ነገር አይታይም። መጀመሪያ ቤት ውስጥ በማያስፈራ ነገር ይለመዳል፤ እየተኮረኮረ ሲስቅ ካርዱን ሲያነሣ ወዲያው ማቆም፣ ሲያስቀምጥ መቀጠል። ከዚያ ያልበራ ቶንዶስ መንካት፣ በሌላ ቀን ክፍሉ ማዶ በርቶ መስማት፣ በሌላ ቀን የቶንዶሱን ጀርባ እጁ ላይ ማስነካት። ቀኖቹን ማደባለቅ አይገባም፤ አንዱ ሳይረጋ ወደ ሌላው ከተሄደ ልጁ የፈራው የትኛውን እንደሆነ አይታወቅም። የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ ላይ ነው። ልጁ ካርዱን ሲያነሣ «በቃ ትንሽ ቀረህ» የሚል ሰው ካለ ታሪኩ እዚያው ሞተ፤ ሁለተኛ ቢነበብ አይሠራም። ስለዚህ ገጹ ለፀጉር ቆራጩም አስቀድሞ መነበብ አለበት።

ቋንቋው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሌላ ቋንቋ የተመለሱ ስብስቦች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። የሰሙትን እንዳለ በመድገም ቋንቋ የሚይዙ ልጆች ብዙ ናቸው። ውኃ ሲጠማው «ውኃ ትፈልጋለህ?» የሚል ልጅ አለ፤ ውኃ ሊመጣለት ሲል የሚሰማው ይህን ስለሆነ። ለእንዲህ ያለ ልጅ አባቱ ተቀምጦ «እኔ ፀጉር ቤት እሄዳለሁ» ብሎ ቢያነብለት፣ የሚሄደው አባቱ ነው። መፍትሔው «እኔ»ን አውጥቶ የልጁን ስም ማስገባት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ግሱ በሙሉ ይቀየራል፤ አማርኛችን «ይሄዳል»ን እና «ትሄዳለች»ን ስለሚለይ በስሙ ቦታ ነጥብ ነጥብ ትቶ ማለፍ አይቻልም። አንዳንዱ አሳታሚ «ይሄዳል/ትሄዳለች» እያለ በጭረት ያልፈዋል። ፊደል ቀድሞ የለየና ያየውን ሁሉ የሚያነብ ልጅ ሁለቱንም ጮክ ብሎ ያነባቸዋል፤ ትርጉሙም እዚያው ይጠፋል። ልጁ መጽሐፉን ከማየቱ በፊት የማይመለከተውን ግስ በነጭ ወረቀት ለጥፎ መሸፈን የግድ ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ገጽ አጥብቀው የሚጠሉ ልጆች ስላሉ በእስክሪብቶ መሰረዝ አይመከርም።

ፈሊጡም እንዲሁ ነው። «ለመምህሬ ጆሮዬን እሰጣለሁ»፣ «አፌን እይዛለሁ»፣ «ሆዴ ባባ» የሚሉ ሐረጎች በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሲገቡ ለጸሐፊው ለዛ ናቸው። ለአንባቢው ግን ጆሮ ቆርጦ መስጠት፣ አፍ በእጅ መያዝ፣ ሆድ ላይ የሆነ ነገር መፈለግ ነው። «መምህሬ ስትናገር እሰማለሁ» ቢባል የሚጎድል ነገር የለም። እንዲያውም እዚያው ገጽ ላይ «ዓይን ዓይኗን እያየሁ እሰማለሁ» የሚል ካለ መውጣት አለበት። ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ሰዎች ከተናጋሪው ዓይን ሲሸሹ ነው ይበልጥ የሚሰሙት፤ ዓይን ማየቱ ራሱ ሌላ ሥራ ሆኖባቸው ንግግሩ ያመልጣቸዋል። «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም»፣ «አለብኝ» የሚሉትም «ብዙውን ጊዜ»፣ «አንዳንዴ»፣ «ለመሞከር እችላለሁ» በሚሉት ይተኩ።

ፎቶ ነው ሥዕል የሚሻለው የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ሥዕል ላይ ያለው ልጅ እሱን እንደሚወክል የማይገባው ልጅ አለ፤ ለእሱ የራሱ ፎቶ፣ የራሱ ወንበር፣ የራሱ በር ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ፎቶውን እንደ ውል የሚይዝም አለ። ፎቶው ላይ ቆራጩ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ በዕለቱ አረንጓዴ ከለበሰ፣ «እሱ አይደለም» ብሎ በር ላይ ይቆማል። ለእንዲህ ያለው መስመር ብቻ የሆነ፣ ልብስና ፊት የማይለይበት ሥዕል ይመረጣል፤ ወይም ሁለትና ሦስት የተለያዩ ፎቶዎች በአንድ ገጽ ላይ «እሱ ወይም እሷ ሊሆኑ ይችላሉ» ተብሎ ይደረግለታል። ለመለየት ቀላሉ መንገድ የሻይ ኩባያ ፎቶና የኩባያ ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጦ እውነተኛውን ኩባያ ከየትኛው ጋር እንደሚያዛምድ ማየት ነው። ከሁለቱም ጋር ካዛመደ ሥዕሉ ይበቃዋል።

አሠራሩን በተመለከተ ከሁሉ የሚሻለው በቀለበት ክላሰር የሚያዝ ነው፤ ገጽ ማውጣት፣ መቀየር፣ መጨመር ይቻላል። በስፓይራል የታሰረው ሲገለጥ ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛቱ ጥሩ ነው፤ አንድ ገጽ ስህተት ሲገኝበት ግን መቁረጥ እንጂ መቀየር የለም። በሙጫ የተጠረዘው ለዚህ ሥራ አይሆንም። መጠኑ የኤ4 ግማሽ፣ ማለትም ኤ5 ቢሆን በአንድ እጅ ይያዛል፣ ቦርሳም ውስጥ ይገባል። በአንድ ገጽ አንድ ሐሳብ፣ ለትንሽ ልጅ ከአንድ እስከ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ታሪኩ በሙሉ ከአሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ባይበልጥ። ላሚኔት የተደረገ ገጽ ምራቅና ውኃ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለው። የሚያብለጨልጨው ፕላስቲክ የአምፖል ብርሃን ያንጸባርቃል፤ ብርሃን የሚያስቸግረው ልጅ ፊቱን ያዞራል፣ ሰው ግን «መጽሐፉን ጠላ» ይላል። የማያብለጨልጭ ፕላስቲክ ካለ እሱን መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ማዕዘኖቹ ይወጋሉ፤ በመቀስ ክብ ማድረግ ያስፈልጋል። ራስ ላሚኔት ሲያደርጉ ወረቀቱ ዙሪያ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ባዶ ፕላስቲክ ይተው፤ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ከተቆረጠ ፕላስቲኩ ይላቀቅና ውኃ ይገባዋል።

አንዳንድ ስብስቦች በቬልክሮ፣ ማለትም ሻካራና ለስላሳ ወገኑ ተጣብቆ በሚላቀቅ ማያያዣ፣ የሚለጠፉ ካርዶች አሏቸው፤ ልጁ የቀኑን ቅደም ተከተል እየለጠፈ «ፀጉር ቤት፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ጨዋታ» ብሎ ያያል። ይህ ከታሪኩ ጋር ሲቀናጅ በጣም ይረዳል። ሻካራው ወገን ካርዱ ላይ ከሆነ በሁሉም ካርድ ላይ መሆን አለበት፤ ከሁለት የተለያየ ስብስብ የመጡ ካርዶች የማይጣበቁት በዚህ ምክንያት ነው። የቬልክሮው «ጭርርር» የሚል ድምፅ የሚያሰቅቀው ልጅ ካለ ግን በቬልክሮው ፋንታ ካርዱ የሚገባበት ኪስ ያለው ገጽ ይፈለግለት።

አሁን አነባበቡ። ጥሩ መጽሐፍ ገዝተው የሚያበላሹት ሰዎች የሚያበላሹት በሰዓቱ ነው። ልጁ እየጮኸ፣ ጆሮውን ይዞ ወለል ላይ ተኝቶ ሳለ ታሪኩ ቢነበብለት የሚገባው ነገር የለም። የባሰው ደግሞ መጽሐፉ ከዚያ ሰዓት ጋር ይያያዝበትና በሌላ ጊዜ ሲያየው ብቻ ይረበሻል። የሚነበበው ሲረጋ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ቦታ፣ ከጎኑ ተቀምጦ። ስንት ቀን አስቀድሞ? ለአብዛኛው ልጅ ጥቂት ቀን ይበቃል። የሚጨነቅ ልጅ ግን በሳምንት ቀድሞ ከተነገረው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣል፤ ለእሱ ዋዜማውና ማለዳው ይበቃዋል። አንድ ታሪክ ሳያልቅ ሌላ አይጀመርም። «አየህ፣ መጽሐፉ ምን ብሎ ነበር?» ብሎ ከጥፋት በኋላ መምዘዝም አይገባም፤ በዚያች ደቂቃ መጽሐፉ ዱላ ሆነ።

እንደገባው ለማወቅ «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ «አዎ» ይላል። ፊደልን በአራት ዓመቱ አጥርቶ የሚያነብ ልጅ እንኳ ያነበበውን ላይረዳው ይችላል። ይልቅ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቃል ተሸፍኖ ይነበብለታል፦ «ማረፍ ስፈልግ ____ ለማሳየት እሞክራለሁ።» የማይናገር ልጅ ካርዱን ራሱን በመያዝ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 በአንዲ ቦንዲና በሎሪ ፍሮስት የተዘጋጀው በሥዕል ካርድ የመለዋወጫ ዘዴ የጀመረው ከዚሁ ነው፤ ካርድ መስጠት መናገር ነው። ስለዚህ «ገና አይናገርምና ታሪክ አይገባውም» ብሎ ስብስቡን ለቆይታ ማስቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው።

ከዚህ ዘዴ ምን መጠበቅ እንዳለበት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ የአንዳንድ ስብስቦች ማሸጊያ ልጁ ተግባቢ እንደሚሆን ይሰብካልና። በብሪታንያ ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ማኅበራዊ ታሪክ የልጆቹን ጠቅላላ ማኅበራዊ ምላሽ ጎላ ባለ ሁኔታ እንዳልለወጠ አሳይቷል። ለእያንዳንዱ ልጅ የተያዘውን አንድ የተወሰነ ግብ ግን ታሪኩ የተነበበላቸው ልጆች አብዝተው አሳክተዋል። ከፀጉሩ ገጽ የተማርነውም ይህንኑ ነው። ቀዩን ካርድ ማውጣት ሊለምድ ይችላል፤ ሌላ ልጅ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። ስለዚህ አንዱን ነገር ብቻ ይዞ፣ ከማንበብ በፊት ለአንድ ሳምንት፣ ካነበቡ በኋላ ለሁለት ሳምንት በደብተር መመዝገብ ነው፦ ስንት ጊዜ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበረ፣ ምን ያህል ቆየ። በሁለት ሳምንት ምንም ካልተንቀሳቀሰ ልጁ «አልገባውም» ከመባሉ በፊት ገጹ ይጠርጠር። አብዛኛውን ጊዜ ያልተጻፈ ነገር አለ፤ የሽቶው ሽታ፣ የመስታወቱ ብዛት፣ ከጀርባው የሚያልፍ ሰው።

በስልክና በታብሌት የሚሠሩት አፖች ፎቶ ማስገባትና ገጽ ማስተካከል በማቅለላቸው ከታተመው ይበልጣሉ። ከመክፈል በፊት ግን ሦስት ነገር ይፈተሽ። የግዕዝ ፊደል ሲጻፍበት ባዶ ሳጥን እንዳያሳይ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ፣ የራስን ድምፅ ቀድቶ ማስገባት እንዲቻል። የሌላ ቋንቋ ድምፅ አማርኛ ሲያነብ ከመስማት ዝምታ ይሻላል። ገጹ ሲገለጥ የሚያጨበጭብ፣ ኮከብ የሚበትን አፕ ከሆነ ያ ማጥፊያ ይኑረው፤ ልጁ ኮከቡን ለማየት ገጹን ይገልጣል እንጂ አያነብም። ስልኩ ለጨዋታም የሚያገለግል ከሆነ የታተመው ይመረጣል፤ ጨዋታው ተዘግቶ ታሪክ ሲከፈት የሚነሣው ጠብ ከፀጉር ቤቱ ይብሳል።

ለእህት ለወንድምና ለክፍል ጓደኞች የሚጻፉትን በአጭሩ። ጥሩው መጽሐፍ ሕፃናት በእውነት የሚጠይቁትን ይመልሳል፦ ይጋባል ወይ? እኔ ያጠፋሁትን ቢያጠፋ ለምን እንደ እኔ አይቀጣም? ትልቅ ሲሆን ይተወዋል ወይ? እናቴ ለምን ከእሱ ጋር ብቻ ትሆናለች? ታናሽ እህት መናደድ የተፈቀደላት አንድ ገጽ ከሌለው መጽሐፍ መራቅ ነው። «ወንድሜ ልዩ ስጦታዬ ነው፣ ሁልጊዜ እረዳዋለሁ» ብቻ የሚል ታሪክ ለስምንት ዓመት ልጅ የሞግዚት ሥራ ይሰጣታል፤ የተሰማት ቅናትም ኃጢአት መስሎ ውስጧ ይቀራል።

ሁለት ዓይነት መጨረሻ ያላቸው ሲገኙ መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ይገባል። አንዱ፣ ሁሉም የናቀው ልጅ በመጨረሻ የሒሳብ ወይም የሙዚቃ ተአምር ሠርቶ ክፍሉን ሲያስደንቅና ያን ጊዜ ሲወደድ ነው። ተአምር የሌለው ልጅስ አይወደድም? ሁለተኛው፣ የማይናገረው ልጅ በመጨረሻው ገጽ «እማዬ» ብሎ አፉን ሲፈታና ሁሉም ሲያለቅስ ነው። ይህን የሚያነብ የማይናገር ልጅ የራሱ ታሪክ ገና እንዳልጀመረ ነው የሚማረው። ካርድ ሰጥቶ፣ ሰሌዳ ጠቁሞ፣ እጅ ጎትቶ ሲያወራ የሚያሳይ ታሪክ ይፈለግ፤ አለ፣ ብዙ ግን አይደለም። ሴት ልጆችም በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ጎድለዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም በጻፈው የመጀመሪያ ጽሑፍ ከ11 ልጆች ሦስቱ ሴቶች ነበሩ፤ የልጆቹ መጽሐፍ ጀግና ግን ዛሬም በአመዛኙ ባቡር የሚወድ ወንድ ልጅ ነው። ሌሎች ልጆችን እያየች የምትቀዳ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸጥ ብላ ውላ ቤት ስትገባ የምትፈነዳ ልጅ ራሷን የምታይበት ገጽ ታጣለች።

ወላጅ ለወላጅ የሚጽፋቸው መጻሕፍት ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው የታተመበትን ዓመት ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ብሩኖ ቤተልሃይም ኦቲዝም ከእናት ፍቅር ማጣት የሚመጣ አድርጎ ሲጽፍ ብዙ እናቶች ያንን ሸክም ለዓመታት ተሸክመዋል፤ ኦቲዝም ያለው ልጅ አባት የሆነው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በ1964፣ ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠር ጋር የተያያዘ መሆኑን ሞግቶ ነበር። የእናትን ጥፋት የሚፈልግ ማንኛውም መጽሐፍ የዚያ የአሮጌው ነገር ቅሪት ነው። እንዲሁም ኦቲዝም ከክትባት መጣ የሚል ምዕራፍ ካለው መጽሐፉ ይዘጋ። ያንን ያስወራው የ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ በ2010 ባወጣው በራሱ የሕክምና መጽሔት፣ በ«ላንሴት»፣ ተሰርዟል። «በዚህ ምግብ፣ በዚህ ጠብታ ልጄ ዳነ» የሚለውም እንዲሁ፤ ልጅ ሲያድግ በራሱ የሚለወጠው ነገር ብዙ ነው፣ ለጠብታው የሚሰጠው ምስጋና የእድገቱ ነው።

ከዚህ የተረፉት መካከል እውነተኛ ጥቅም የሚሰጡት ዝርዝር የሚናገሩ ናቸው፦ ሌሊቱን እንዴት እንደከፋፈሉት፣ መጸዳጃ ማስለመዱ የት እንደተሰናከለ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር በጽሑፍ ምን እንደተስማሙ። ነገር ግን ልጁ ራሱ አድጎ ቢያነበው የሚያፍርበት ገጽ፣ የመታጠቢያ ቤት ታሪኩ፣ ስሜቱ ሲገነፍል የተነሣው ፎቶ ካለበት፣ ጸሐፊው ልጁን አላስፈቀደም። ያ መጽሐፍ ምክሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ ለሌላ ወላጅ መጥፎ አርአያ ነው።

ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ራሳቸው የጻፏቸው የሕይወት ታሪኮች በሌላ ረድፍ ይቀመጣሉ። ቴምፕል ግራንዲን የራሷን እ.ኤ.አ. በ1986 ካሳተመች ወዲህ ቁጥራቸው በዝቷል። ከወላጅ መጽሐፍና ከእነዚህ አንዱን ብቻ መግዛት የሚቻል ከሆነ እነዚህ ይቅደሙ። ሳይናገሩ ስላሳለፉት ልጅነት፣ መብራቱ ሲንሾካሾክ ስለሚሰማው፣ ሲነኩ ስለሚያቃጥለው ቆዳ ከውስጥ ሆነው የሚጽፉ እነሱ ናቸው። የልጁን ገጽ ይዞ «አያምም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለማረም የተቀመጠ ወላጅ፣ በምትኩ ምን ብሎ እንደሚጽፍ የሚያገኘው ከእነሱ ነው።